ዘይት የምትጠጣ መኪና

ትእዛዙ ጸሎቱን የሚያሳጥርበት ቀን አለው፤ ዘይት ሳያይ የወጣበት ቀን ግን የለም። ሰቆጣ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰዓት፣ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣና የመኪናዋን ኮፈን ይከፍታል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዛል፤ በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ይከተዋል፤ እንደገና ይመዛል። ከዚያ ዘንጉን ወደ ንጋቱ ብርሃን ከፍ ያደርግና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። ለማያውቀው ሰው ኮከብ የሚቆጥር ደብተራ እንጂ ሾፌር አይመስልም።

ሥርዓቱን ያስተማሩት ጋሽ ወንዳወቅ ናቸው። በድርቁ ዘመን የእርዳታ እህል ይዘው ወደ ዋግ ይመላለሱ የነበሩ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ትእዛዙም መኪናን ያወቀው በእሳቸው ጋቢና ውስጥ ነው። «ማለዳ ተነሣ። ሞተሩ ሳይነሣ፣ ዘይቱ ወርዶ ከሥር እንደተኛ እየው። ከጎደለ ሙላ። ይህን ያደረገ ሾፌር መንገድ ላይ አያድርም» ብለውት ነበር። እነሆ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ትእዛዙ ከዚህች ቃል ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ማንም ሰው የሚኮራበት ነገር አያጣም፤ የእሱ ኩራት ይህ ነው።

ግን ምን ያደርጋል! ከፋሲካ ወዲህ መኪናዋ ዘይት መጠጣት ጀምራለች። ዛሬ ይሞላላታል፤ ሦስት ቀን ሳይቆይ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ከታችኛው ምልክት ሥር ይወርዳል። ይጨምርላታል። ደግሞ ይወርዳል። ዳገት ስትወጣ ከኋላዋ የሚንቦለቦለው ሰማያዊ ጭስ መንገዱን ይጋርደዋል። የመናኸሪያ ሾፌሮች መቼም ምላሳቸው አያርፍም፤ ገና ከሩቅ ሲያዩት «መስኮት ዝጉ፣ ትእዛዙ መጣ!» ይባባላሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ ከልቡ ግን አይደለም።

ከልቡ እንዳይስቅ ያደረገው መኪናዋ የእሱ አለመሆኗ ነው። የእህቱ የተዋበች ልጅ ሰገነት ናት የገዛቻት። ሰገነት ከፃግብጂ፣ ከእናቷ እርሻ ተነሥታ ኩዌት ስትሄድ ሃያ ዓመቷ ነበር። የሰው ልጅ እያሳደገች፣ የሰው ወለል እየወለወለች ያገኘችውን ሁሉ ሰብስባ፣ በሦስተኛ ዓመቷ ይህችን አሮጌ ሃርድቶፕ ገዛች። «አያ ይንዷት፤ እኔ ስመጣ አብረን እንሠራባታለን» አለች። እናቷ ተዋበችም እርሻዋን ለእኩል አራሽ ሰጥታ፣ ሰቆጣ ዳርቻ ላይ ከወንድሟ ጎን ቤት ቀለሰች፤ አንዲቱን ክፍል ለሰገነት አስለስና፣ አልጋ አስገብታ፣ ዘግታ አስቀመጠች። መኪናዋ ከሰቆጣ ወደ ቆላዋ ኒሯቅ፣ ከኒሯቅ ሰቆጣ ሰው ታመላልሳለች። ልጅቱ ከሄደች አሁን ስድስት ዓመት ሞላ። የሰገነት ኮንትራት በኅዳር ያበቃል፤ ተዋበችም ቀን መቁጠር የጀመረችው ከመስከረም ነው።

በፋሲካው ሰሞን አንድ ትንሽ ነገር ተበላሽቶባት ነበር። ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖዋ ደከመ፤ ቁልፉ ሲዞር ቀ ቀ ቀ ብሎ ይቀራል። አዲሱ የሚገኘው ሩቅ ነው። በዋግ ግን ለዚህ ሁሉም ሾፌር የሚያውቀው መድኃኒት አለ፦ ማታ መኪናዋን ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርገህ ታቆማለህ፤ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ታኮ ታደርጋለህ፤ ጠዋት ድንጋዩን ነቅለህ ትንሽ ስትንደረደር ፍሪሲዮኑን ትለቃለህ፤ ትነሣለች። ቁልቁለት ደግሞ ለሰቆጣ ሰው አይቸግርም። ትእዛዙ በተዋበች ደጃፍ ያለችውን ተዳፋት መረጠ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ መኪናዋ ሌሊቱን ሁሉ እንደተደፋች ታድራለች። ሰው መጥራት፣ ገፊ መለመን ቀረለት።

ጭሱ ሲብስ ጓንጉል ተጠራ። ጓንጉል ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩ ቸኩሎ ይመጣል፣ ቸኩሎ ይሄዳል። ታኮው ሳይነቀል፣ እዚያው ተዳፋቱ ላይ እንዳለች ዘንጉን መዘዘ፤ ደረቅ ነው ማለት ይቻላል። መኪናዋ ተንደርድራ ተነሣች፤ ነዳጅ ረገጠላት፤ ጭሱ ሰፈሩን ሞላው። እጁን የጭስ ማውጫው ማርሚታ አፍ ላይ አድርጎ መዳፉን አሸተተ።

«አያ ትእዛዙ፣ ፋሻው አልቋል» አለ። ፋሻ የሚሉት ፒስተኑን የሚያቅፈውን፣ ዘይት ወደ እሳቱ እንዳይወጣ የሚጠብቀውን ቀለበት ነው። «ሞተሩ መውረድ አለበት። ሌላ መላ የለውም። ሰኞ አምጡልኝና ላውርደው።»

«ዘይት እኮ አንድም ቀን አጉድዬባት አላውቅም!» አለ ትእዛዙ።

«እሱን ሰቆጣ ሁሉ ያውቃል። ዕድሜ ነው እንግዲህ።»

ሞተር ይውረድ ማለት ለአፍ ቀላል ነው። ትእዛዙ ግን ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል፤ ወሽመጡ ተቆረጠ። መኪናዋ ወራት ትቆማለች፤ ዕቃው ከሩቅ ይመጣል፤ ወጪው የሚወጣውም ከአንዲት ሴት ልጅ ጉልበት ነው።

ዓርብ ማታ ሰገነት ደወለች። በስልኩ መስኮት ፊቷ ታየ፤ ከበስተኋላዋ የሰው ወጥ ቤት አለ። ተዋበች ከወንድሟ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ ታያለች።

«አያ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለች ሰገነት። «ሞተሩ ሞቷል?»

«ጓንጉል እንደዚያ ነው ያለው፣ ልጄ።»

«እርስዎስ?»

«እኔም ጭሱን እያየሁ ነው። ምን ብዬ ልዋሽሽ?»

ልጅቱ ብዙ ጊዜ ያሰበችበትን ነገር እንደሚናገር ሰው ረጋ ብላ፣ «እንግዲያው ለሁለት ዓመት እፈርማለሁ። ማዳም እስከ እሑድ ማታ መልስ ስጪኝ ብላኛለች» አለች።

ተዋበች ስልኩን ከወንድሟ እጅ ነጠቀችው። «መኪናው ገደል ይግባ! አንቺ ነይልኝ! መኪና አልወለድኩም እኔ!»

«እማ፣ ስድስት ዓመቴ እኮ ናት መኪናዋ። እሷ ከሞተች ምን ይዤ ልምጣ? ባዶ እጄን አልመጣም።» ብላ መስመሩን ዘጋችው።

ተዋበች ስልኩን ለወንድሟ መለሰችለት። በወንድሟ ላይ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ትእዛዙን ያቃጠለውም ይኸው ነው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ያን ሌሊት አልተኛም፤ ማለዳ ተነሥቶ፣ ዘንጉን መዝዞ፣ እንደ ልማዱ ዘይቷን ሞላላት።

ለቅዳሜ የኒሯቅ ገበያተኞች ቀድመው ተመዝግበዋል፤ ቃል ደግሞ አይታጠፍም። «ሞተሩ ከመውረዱ በፊት የመጨረሻ ጉዞዋን ትሂድ» ተባለ። ተዋበችም ኒሯቅ ካለችው የአጎታቸው ልጅ ከትርፌ ዘንድ ማሽላ ልታመጣ አብራ ተሳፈረች። መንገዱን ሁሉ እህትና ወንድም ብዙም አልተነጋገሩም። ተሳፋሪዎቹ ግን አላረፉም፤ ግማሹ በአገሩ ቋንቋ በኽምጥኛ፣ ግማሹ በአማርኛ እየቀለዱ ወደ አበርገሌ ቆላ ወረዱ። አንዲት ሽማግሌ ሴት ጭሱን ዞር ብለው አይተው፣ «ልጄ፣ መንገዱን እያጠንክልን ነው» ሲሉት ሁሉም ሳቁ።

ኒሯቅ ሙቀቷ ሌላ፣ ሜዳዋም ሌላ ነው። የትርፌ ግቢ እንደ ጠረጴዛ የተለጠጠ ነው። ሌላ ጊዜ ትእዛዙ በዕለቱ ይመለስ ስለነበር ከፋሲካ ወዲህ መኪናዋ እዚህ አድራ አታውቅም። ትእዛዙ መኪናዋን እዚያ ሲያቆማት ቁልቁለት ፈልጎ ነበር፤ አጣ። «ነገ ተሳፋሪዎቹ ይገፏታል» ብሎ ተወው።

እሑድ ማለዳ፣ ትርፌና ተዋበች ቤተ ክርስቲያን ስመው ሳይመለሱ፣ ትእዛዙ ኮፈኑን ከፈተ። ዘንጉን መዘዘ፣ ጠረገ፣ ከተተ፣ መዘዘ። ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገውና ዓይኑን ማመን አቃተው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ፣ አራት ጣት ያህል ወደ ላይ ወጥቷል። ጠርጎ ደገመው። ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሞከረ። ያው!

ዘይት የምትጠጣ መኪና አድራ ዘይት ወለደች። ዘይት ሲጎድል ያሳስባል፤ ዘይት ሲጨምር ግን ያስደነግጣል፤ አንድም ናፍጣ፣ አንድም ውኃ ገብቶበታል ማለት ነውና። ያኔ ሞተሩ መውረድ ብቻ ሳይሆን የሚወርድ ሞተርም ላይኖር ነው። ጠብታውን አሸተተ፤ ናፍጣ አይሸትም። በሁለት ጣቱ መሃል አሸው፤ ጥቁር ነው፣ እንደ ወተት አልነጣም። ወደ ጓዳ ገብቶ የትርፌ ከሰል ላይ የጋለ የብረት ክዳን አገኘና አንዲት ጠብታ አስቀመጠበት። ውኃ ያለበት ዘይት በጋለ ብረት ላይ ይንጣጣል፤ ይህ ግን ዝም ብሎ ጨሰ። ንጹሕ ዘይት ነው። ታዲያ ከየት መጣ?

እዚያው ጓዳ በር ላይ፣ ዘንጉን እንደ በትር ይዞ ቆሞ ሲያብሰለስል፣ ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ትርፌ ጠላ ሻጭ ናት፤ ከቅዳሴ የተመለሱ ሰዎች ተከትለዋት ገብተው ተቀመጡ። ወደ ጓዳ ገባች፣ ጥግ ላይ ባለው ጋን ውስጥ ረጅም ቀጭን እንጨት ነከረችና አወጣችው። እንጨቱ ጫፉ ብቻ ነው የረጠበው።

«ይቅርታ፣ አልቋል!» ብላ ወደ ውጭ ጮኸች።

ተዋበች በሐዘኗም ላይ ቢሆን የቤት ሥራ ሲበላሽ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። «ምን አልቋል ትያለሽ አንቺ! ጋኑን በድንጋይ ዘንበል አድርገሽ፣ በላይኛው በኩል ነክረሽ? ጠላው እኮ ወዲያ ሸሽቶ ነው። ቀጥ አድርጊው!» ድንጋዩን ከጋኑ ሥር ገፋ አድርጋ ቀጥ አደረገችው፣ ጠላው እስኪረጋ ጠበቀችና እንጨቱን እንደገና ነከረች። እንጨቱ ከስንዝር በላይ ርሶ ወጣ። «ይኸውልሽ። ዘንበል ባለ ጋን ጠላ ይለካል እንዴ?»

ትእዛዙ ጋኑን አየ። ድንጋዩን አየ። በእጁ ያለውን ዘንግ አየ።

«እትየ» አለ ቀስ ብሎ። «እስቲ ያንን ድንጋይ መልሺው።»

«ምን ሆንክ?»

«መልሺው ስልሽ!»

ተዋበች ግራ ተጋብታ ድንጋዩን መለሰች፤ ጋኑ ዘንበል አለ። ትእዛዙ የገዛ ራሱን የዘይት ዘንግ ሊነክር ሲል ትርፌ ኡኡ ብላ እጁን ያዘችው። ምንም አልከፋውም፤ ማየት የፈለገውን አይቷል። በየሌሊቱ በተዋበች ደጃፍ አፍንጫዋን ደፍታ የምታድረው መኪና ታየችው። ዘይቱ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ዘንጉ የሚገባው በሞተሩ በኋለኛው በኩል ነው፤ ዘንጉም ጎደለ ብሎ ይመሰክራል። እሱ ደግሞ፣ ጠንቃቃው ትእዛዙ፣ ሰቆጣ የሚመሰክርለት ትእዛዙ፣ በሞላው ላይ ይሞላል። ሞተሩ የተረፈውን ምን ያድርገው? ይደበድበዋል፣ ያስተነፍሰዋል፣ በጭስ ይተፋዋል። እሱ ደግሞ የተተፋውን ማለዳ ይተካል። ይህ ሁሉ የጀመረው ከፋሲካ ነው፤ ሞተሪኖው ደክሞ ቁልቁለት ላይ ማቆም የጀመረውም ከፋሲካ ነው።

ጋሽ ወንዳወቅ ማለዳ እይ አሉት፣ ሞተሩ ሳይነሣ እይ አሉት። ሜዳ ላይ እይ ግን አላሉትም። ለምን ይሉታል? የእሳቸው መኪና የሚያድረው በእርዳታ እህሉ መጋዘን ግቢ ነበር፤ የመጋዘኑ ግቢ ደግሞ ሜዳ ነው። ለሜዳ ሾፌር የማይነገር ነገር ለዋግ ሾፌር ግን ሊነገር ይገባ ነበር፤ ይህን ሊነግረው የሚገባው ሰው ደግሞ ራሱ ነበር።

ምድር ብትውጠው በወደደ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ለእህቱ ሁሉንም ነገራት፤ ምንም አላስቀረም። «እኔ ነኝ እትየ። መኪናዋ አይደለችም የታመመች፤ እኔ ነኝ ያሳመምኳት። ልጅሽን ሁለት ዓመት ልበላብሽ ነበር።»

ተዋበች መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ እየሳቀችም እንባዋ ይወርድ ጀመር። «በል ተነሣ! ደውልላት!»

«አይሆንም» አለ ትእዛዙ ቆርጦ። «አንድ ጊዜ ሳላውቅ ዋሽቻታለሁ። እየገመትኩ ሁለተኛ አልነግራትም። ምናልባት ጓንጉልም እውነቱን ቢሆንስ? ፋሻውም አልቆ ቢሆንስ? የተረፈውን አፈሳለሁ፤ ዳገቱን ትውጣ፤ ሰቆጣ ሜዳ ላይ ዘንጉን አየዋለሁ። ያኔ እነግራታለሁ።»

«እስከዚያ ብትፈርምስ?»

ትእዛዙ ጋቢውን ጥሎ፣ ጄሪካን ይዞ መኪናዋ ሥር ገባ።

የዘይት መድፊያውን ብሎን ላላ አድርጎ ዘይቱ በጥቂቱ እንዲወርድ ተወው። እየዘጋ፣ እየወጣ፣ ዘንጉን እያየ፣ እየተመለሰ ብዙ ደከመ፤ ጥቁሩ ዘይት ክንዱ ላይ እስከ ክርኑ ወረደ። ጄሪካኑ ውስጥ ሦስት ሊትር ሲሞላ ዘንጉ ላይኛው ምልክት ላይ ልክ ብሎ ቆመ። ሦስት ሊትር! ተዋበች ጄሪካኑን አንሥታ መዘነችውና፣ «ይህንን ሁሉ ተሸክማ ነው ዳገት ስትወጣ የኖረችው፣ ምስኪን» አለች። ተሳፋሪዎቹ ገፏት፤ ተነሣች።

ቆላው ውስጥ ጭሱ አልጠፋም። ትእዛዙ በየጥቂቱ ስፖኪዮውን ያያል፤ ሰማያዊው ጭስ እንደ በፊቱ ከኋላ ይከተለዋል። እኒያ ትናንት የቀለዱበት ሽማግሌ ሴት አሁንም ከኋላ ወንበር ሆነው፣ «ማዕጠንቱ ዛሬም አለ» አሉት። አልሳቀም። ማርሚታው ውስጥ ለወራት የተለጠፈው ዘይት ገና እየነደደ እንደሆነ ያውቃል፤ ማወቅ ግን ሌላ፣ ልብ ሌላ ነው። ተዋበች ጎኑ ተቀምጣ የመቁጠሪያዋን ፍሬ ትቆጥራለች። ልትጠይቀው ትፈልጋለች፤ ፊቱን እያየች ትተወዋለች።

ትልቁ ዳገት ጀመረ። እዚህ ነበር ጭሱ ሁልጊዜ መንገዱን የሚውጠው፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና ካለ ጡሩምባ እየነፋ የሚራገመው እዚህ ነው። ትእዛዙ ማርሽ ቀነሰ፤ ነዳጁን ረገጠ፤ ሞተሩ አጓራ። አንድ ጥምዝ ዞሩ። ሁለተኛውን ዞሩ። ስፖኪዮውን ለማየት ፈራ። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ግድ ሆነበትና አየ።

መንገዱ ታየ። ያለፉት ጥምዝ፣ የጥምዙ ድንጋይ ካብ፣ ካቡ ላይ የተቀመጡት ፍየሎች ሳይቀሩ ታዩት። ከመኪናዋ ኋላ የሚነሣው አቧራ ብቻ ነው። ትእዛዙ ይህንን መንገድ ስድስት ወር ሙሉ ወደ ኋላ አይቶት አያውቅም ነበር።

«እትየ» አለ። «ወደ ኋላ እዪ።»

ተዋበች በመስኮት አንገቷን አወጣች። ስትመለስ መቁጠሪያዋን ሳመችና እጇን የወንድሟ ክንድ ላይ አሳረፈች፤ ዘይቱ ነጠላዋን እንዳቆሸሸው እንኳ ልብ አላለችም።

ሰቆጣ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ትእዛዙ ወደ ቁልቁለቱ አልሄደም። ቀጥ ብሎ ኳስ ሜዳው ላይ ገብቶ አቆማትና ሞተሩን አጠፋ። ኳስ ይጫወቱ የነበሩ ጎረምሶች ተቆጡ፤ «አባባ፣ ጎሉ ላይ ቆሙ እኮ!» አሉት። «ግማሽ ሰዓት ብቻ ታገሡኝ፣ ዘይቱ ይውረድ» አላቸው። ነገሩ ምን እንደሆነ ሲሰሙ ኳሱን ትተው ከበቡት። ያን ግማሽ ሰዓት የሚያህል ረጅም ጊዜ ትእዛዙ በዕድሜው አያውቅም። ሲሞላ ኮፈኑን ከፈተ፤ ዘንጉን መዝዞ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ከተተውና ዞር ብሎ እህቱን ተመለከተ።

«አንቺ እዪው። የእኔ ዓይን ከእንግዲህ አይታመንም።»

ተዋበች ዘንጉን መዘዘች፤ እንደ ወንድሟ ወደ ብርሃኑ ከፍ አላደረገችውም፤ እንደ ጋን እንጨት አግድም ይዛ አየችው። «ምልክቱ ላይ ነው» አለች። «አልተነቃነቀም።»

ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። ደግመው ደወሉ። አልተነሣም። በሦስተኛው ሰገነት አነሣችው፤ እጇ ሳሙና ነው፣ ፊቷ ያላረፈ ሰው ፊት ነው።

«ፈረምሽ?» አለች ተዋበች ሰላምታም ሳትሰጥ።

«ማዳም እንግዶች ስላሏት ነው እንጂ… ሲሄዱ ነው የምፈርመው። ምነው እማ? ምን ሆናችሁ?»

ትእዛዙ ስልኩን ተቀበለ። ከመናኸሪያ የመጡ ሁለት ሾፌሮችም ከበው ከሚሰሙት መካከል ነበሩ። ያንን ሁሉ ሰው አየና ድምጹን አልቀነሰም። «ሰገነት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። መኪናዋ ዘይት አትጠጣም፤ እኔ ነኝ ያጠጣኋት። ቁልቁለት ላይ አቁሜ ስለካ ጎደለ እያለኝ፣ በሞላው ላይ ስሞላ ከረምኩ። ዛሬ ሦስት ሊትር አፈሰስኩ፤ ዳገቱን ያለ ጭስ ወጣች።»

ልጅቱ ወደ ስልኩ ተጠጋች። «ጨርሳ ዳነች?»

«ጨርሳ ዳነች አልልሽም። አሮጌ ናት፤ ሞተሪኖዋም ሰነፍ እንደሆነ ነው። ነገም፣ ከነገ ወዲያም ሜዳ ላይ አያታለሁ፤ የማየውን እነግርሻለሁ። ግን ለሞተር ብለሽ ከሆነ የምትፈርሚው፣ አትፈርሚ። ሞተሩ ደህና ነው።»

«አያ» አለች ሰገነት፤ ሳቋ ሊያመልጣት ነው። «ስድስት ወር ሙሉ… እርስዎ? ዘይት ሳያዩ የማይወጡት?»

«እኔው ነኝ።»

ሳቋ እንደ ድሮው፣ ፃግብጂ እያለች እንደምትስቀው ፈነዳ። ስትጨርስ ሳሙናማ እጇን በሽርጧ ጠረገችና፣ «እማን ያቅርቡልኝ» አለች። ተዋበች ፊቷን ስልኩ ላይ ልትለጥፈው ደረሰች። «እማ፣ ያቺን ክፍል ክፈቺያት። አቧራዋን አራግፊልኝ።»

በማግስቱ ጓንጉል መጣ፤ ነገሩን ሰምቷል። ኳስ ሜዳው ዳር በቆመችው መኪና ላይ ዘንጉን ራሱ መዝዞ አየና ራሱን ነቀነቀ። «እኔም እኮ ተዳፋቱ ላይ ሆኜ ነው የፈረድኩባት» አለ። ሾፌሮቹ ለትእዛዙ አዲስ ቀልድ አወጡለት፤ ባዶ መሬት ሲያዩ «ይህ ሜዳ ነው ወይስ ተዳፋት?» እያሉ ይጠይቁታል። ይስቃል፤ አሁን ከልቡ ነው። ደግሞ ከእነሱ መካከል ሦስቱ ማታ ማታ ሜዳ ፍለጋ ሲዞሩ አይቷቸዋል።

መኪናዋ ከዚያ ወዲህ የምታድረው ሜዳ ላይ ነው። ሜዳ ላይ ያደረች መኪና ታዲያ ጠዋት ገፊ ትፈልጋለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተራ ገብቶ ይገፋል፤ አንዳንዱ ይነጫነጫል፣ ግን ይገፋል። ትእዛዙ ማለዳ ዘንጉን ያያል። ሦስት ሳምንት ሞላ፤ ዘይቱ የፀጉር ያህል እንኳ አልወረደም።

በኅዳር አጋማሽ፣ አንድ ብርዳማ ማለዳ፣ ዘንጉን አይቶ ኮፈኑን ዘጋና መሪው ላይ ተቀመጠ። «በሉ ግፉ!» አለ በመስኮት። ከኋላ የእግር ኮቴና ሳቅ ተሰማ፤ መኪናዋ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች። ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨ፣ ሁለተኛ፣ ተነሣ። ትእዛዙ እንደ ልማዱ ስፖኪዮውን አየ።

ጭስ የለም። ከገፊዎቹ መካከል፣ ትናንት ማታ ከኩዌት በገባችበት ጫማ አቧራ ውስጥ የቆመች፣ ሁለት መዳፏን የምታራግፍ ሰገነት ነበረች። ጥርት ብላ ትታያለች።